ግሬስ ሆፐር

ግሬስ ብሩስተር መሪ ሆፐር (ዲሴምበር 9 ቀን 1906 – ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፈር ቀዳጅና በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሪር አድሚራል ማዕረግ ላይ የደረሰች መኮንን ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች አንዱን ሠርታለች። ኮቦል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሠረት የሆነውን ፍሎው-ማቲክ የተባለ ቋንቋ ያዘጋጀውም እሷ የመራችው ቡድን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆፐር ሥራ ዋና ጉዳይ ኮምፒዩተሩ ሲቀየር ፕሮግራሙ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነበር። እያንዳንዱ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚያውቀው የራሱ የትዕዛዝ ስብስብ አለው። በአንዱ ማሽን መደመር ማለት የሆነው ቁጥር በሌላው ትርጉም የለሽ ሊሆን ወይም ጨርሶ ሌላ ትዕዛዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ማሽን ትዕዛዞች የተዘጋጀ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዲሁ አይሠራም። ሆፐር ሥራ በጀመረችበት ዘመን መፍትሔው ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እንደገና መጻፍ ብቻ ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ማለት ይቻላል የደከመችው ይህን ለመለወጥ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ መሪ በኒው ዮርክ ከተማ ከአባቷ ከዋልተር መሪና ከእናቷ ከሜሪ ቫን ሆርን ተወለደች። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልጋ አንዱን ፈታታችው። መልሳ መግጠም ሲያቅታት ሁለተኛውን፣ ቀጥሎም ሦስተኛውን እያለች በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ፈታ ጨረሰች። እናቷ ስትደርስበት ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ብቻ እንድትፈታ ፈቀደችላት።

በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን አገኘች። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለች። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባለ መምህር አገባች። በ1945 ቢፋቱም በስሙ መጠራቷን አልተወችም። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ስታስተምር ቆይታ በ1941 ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነች።

ባሕር ኃይልና ማርክ 1

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ሆፐር ባሕር ኃይሉን ለመቀላቀል አመለከተች። ዕድሜዋ ከሚፈለገው ያለፈ፣ ክብደቷም ከዝቅተኛው ወሰን በታች ስለነበር መጀመሪያ አልተቀበሏትም። ልዩ ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ ገፍታበት በዲሴምበር 1943 የባሕር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር የሴቶች ክፍል አባል ሆነች። በ1944 የመኮንንነት ስልጠናዋን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ከጨረሰች በኋላ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። በዚያም ሃዋርድ ኤይከን በሚመራው ቡድን ውስጥ ማርክ 1 ለተባለው የስሌት ማሽን ፕሮግራም ከሚያዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆነች።

ማርክ 1 ከ15 ሜትር በላይ ርዝመት የነበረውና በሴኮንድ ሦስት ያህል ቁጥሮችን የሚደምር ማሽን ነበር። ትዕዛዞቹን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው። በጥብጣቡ ላይ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ቦታ ለማሽኑ የተወሰነ ክፍል የተሰጠ ትዕዛዝ ስለነበር፣ ጥብጣቡ ከማርክ 1 ውጪ ለሌላ ማሽን አይጠቅምም ነበር። ሆፐር ከ500 ገጽ በላይ ያለውንና በ1946 የታተመውን የማርክ 1 መመሪያ መጽሐፍ በዋናነት አዘጋጀች።

በሃርቫርድ ሳሉ ሆፐርና ባልደረቦቿ ተመላልሰው የሚያስፈልጉ የስሌት ክፍሎችን፣ ለምሳሌ የሳይን ወይም የስኩዌር ሩት ስሌትን፣ በደብተር ይይዙ ነበር። አዲስ ፕሮግራም ሲጽፉ የሚፈልጉትን ክፍል አንዱ ከሌላው ደብተር በእጅ ይገለብጣል። ነገር ግን ሲገለብጡ ይሳሳታሉ፣ አድራሻዎቹንም ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር ለማስማማት ሲደምሩ ይሳሳታሉ። ሆፐር ሰው ቁጥር በመገልበጥ ይሳሳታል፣ ማሽን ግን ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው ወደሚል ሐሳብ ያመራችው ይህን እያየች ነው።

በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ከማርክ 2 ማሽን ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በሥራ መዝገቡ ላይ ተለጠፈች። ገጹ በአሁኑ ጊዜ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። የፕሮግራም ስህተት ባግ ወይም ተባይ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ሆኖም መሐንዲሶች ቃሉን ከዚያ በፊትም ይጠቀሙበት ነበር። ሆፐር ታሪኩን በየንግግሯ በመናገር እንዲታወቅ አደረገች እንጂ ቃሉን አልፈጠረችም።

ወደ ዩኒቫክ

በ1949 ሆፐር ፊላደልፊያ ውስጥ ወደነበረው የኤከርት-ሞክሊ ኮምፒዩተር ኩባንያ ተዛወረች። ኩባንያው በ1950 በሬሚንግተን ራንድ ተገዛ። እዚያ የጠበቃት ባይናክ የተባለ ማሽን ከማርክ 1 ጋር የሚያመሳስለው ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙ የሚጻፈው በስምንት መሠረት በሚቆጠር አኃዝ ስለነበር በዚህ አቆጣጠር ሰባት ላይ አንድ ሲደመር 10 ተብሎ ይጻፋል። ሆፐር ይህን አቆጣጠር ከመላመዷ የተነሣ የባንክ ሒሳቧ ለወራት አልገጥም ብሏት እንደነበር በኋላ ተናግራለች። የባንክ ሠራተኛ የነበረው ወንድሟ ሲመረምረው አንዳንዱን ቅነሳ በስምንት መሠረት እንደሠራችው ተረዳ። ቀጥሎ የመጣው ዩኒቫክ 1 ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነበር።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆፐር በእነዚህ ሁሉ ማሽኖች ላይ ሠርታለች፤ በእያንዳንዱም እንደ ጀማሪ ሆና ተምራለች። አንዱ ላይ የደከመችበት ፕሮግራም ለሚቀጥለው አልጠቀመም። ለአንድ የምርምር ቡድን ይህ የሚቻል ድካም ነበር። የደመወዝና የንብረት ሒሳቡን በኮምፒዩተር መሥራት ለጀመረ ድርጅት ግን አዲስ ማሽን መግዛት ማለት የነበረውን ፕሮግራም ጥሎ እንደገና ማስጻፍ ማለት ነበር።

ኮምፓይለር

ሆፐር ከ1951 እስከ 1952 ኤ-0 የተባለውን ሥርዓት ለዩኒቫክ 1 ሠራች። በሃርቫርድ በደብተር ይያዙ የነበሩት የስሌት ክፍሎች አሁን በማግኔት ቴፕ ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዳቸው መጥሪያ ተሰጣቸው። ፕሮግራም አዘጋጁ የሚጽፈው የትኛው ክፍል በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው። ክፍሎቹን ከቴፑ ፈልጎ፣ አድራሻቸውን አስተካክሎና አገጣጥሞ ሙሉ ፕሮግራም የሚያወጣው ማሽኑ ራሱ ነው። ለዚህም ኮምፓይለር የሚለውን ስም ሰጠችው፤ ትርጉሙ ከየቦታው ሰብስቦ የሚያዘጋጅ ማለት ነው።

በዛሬው አገላለጽ ኤ-0 የተዘጋጁ ክፍሎችን ከሚያያይዝ ፕሮግራም ጋር ይቀራረባል። የሰውን ቋንቋ የሚመስል ጽሑፍ ወስዶ ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይር ሙሉ ተርጓሚ አልነበረም። በተመሳሳይ ጊዜም በእንግሊዝና በአሜሪካ ሌሎች ሰዎች በራሳቸው መንገድ በዚሁ ጉዳይ ይሠሩ ነበር። ቢሆንም ኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን ራሱን ሊያግዝ ይችላል የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ኮምፒዩተር ስሌት ብቻ እንጂ ሌላ አይሠራም ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ሆፐር ሐሳቧን በሜይ ወር 1952 ፒትስበርግ በተደረገ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ በጽሑፍ አቀረበች።

ፍሎው-ማቲክ

ቀጣዩ እርምጃ ትዕዛዞቹን በእንግሊዝኛ ቃላት መጻፍ ነበር። ሆፐር እንዳስተዋለችው የሒሳብ ሊቃውንት በምልክት መጻፍ ይወዳሉ፤ የደመወዝና የንብረት መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ግን ቃል ይመርጣሉ። ሐሳቡን ስታቀርብ ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም የሚል መልስ ተሰጣት። እሷ ግን ለማሽኑ ቃል ማለት የፊደል ቅርጾች ተከታታይ ብቻ መሆኑን ተረድታ ነበር። ይህንንም ለማሳየት ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጽፋ አሠራችው። ራሷ ቆይታ እንደተረከችው አለቆቿ በዚህ ተደናግጠው ሥራው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቀጥል አሳሰቧት።

ከዚህ ጥረት ቢ-0 የተባለው ሥርዓት ወጣ፤ በ1958 ለደንበኞች ሲቀርብ ፍሎው-ማቲክ ተብሎ ይጠራ ነበር። የመረጃው አቀማመጥና መረጃው ላይ የሚሠራው ሥራ በተለያየ ቦታ እንዲጻፉ ማድረጉ በኋላ ለመጡት ቋንቋዎች ትልቅ ትምህርት ሆነ። ሆኖም ፍሎው-ማቲክ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። የሌላ ኩባንያ ማሽን የገዛ ሰው ችግሩ እንዳለ ነው።

ኮቦል

በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከተለያዩ አምራቾች የተገዙ 225 ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ ሌሎች 175 ደግሞ አዝዞ ነበር። ለፕሮግራም ሥራ ብቻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በ1959 የተደረገ አንድ ጥናት እንዳሳየው አንድ የመረጃ ማቀናበሪያ ተቋም ለፕሮግራም በአማካይ 800,000 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ያንኑ ፕሮግራም ወደ አዲስ ማሽን ማዛወር ደግሞ ሌላ 600,000 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ማሽን መቀየር የመጀመሪያውን ወጪ ሦስት አራተኛ እንደገና ማውጣት ማለት ነበር።

በኤፕሪል 1959 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ስብሰባ ሆፐርን ጨምሮ ጥቂት ባለሙያዎች ለሁሉም ማሽን የሚሆን አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ያነሣችው የበሮውስ ኩባንያ ባልደረባ ሜሪ ሆዝ ነበረች። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ጉዳዩን ደግፎ በሜይ 28 እና 29 በፔንታጎን ትልቅ ስብሰባ ጠራ። የኮምፒዩተር አምራቾችና ተጠቃሚ ድርጅቶች የተካፈሉበት ይህ ስብሰባ ኮዳሲል የተባለውን ጉባኤ አስገኘ።

ሆፐር አንዳንድ ጊዜ የኮቦል እናት ትባላለች። ቋንቋውን በዝርዝር የነደፈው ግን ጂን ሳመትን የመሳሰሉ የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ባለሙያዎች የነበሩበት ኮሚቴ ነው። ሆፐር የጉባኤው አማካሪ ነበረች። ኮሚቴው ከሌሎችም ቋንቋዎች ወስዷል፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ውሎ የተፈተነው ፍሎው-ማቲክ ስለነበር ትልቁን ድርሻ ያበረከተው እሱ ነው። የቋንቋው መግለጫ በጃንዋሪ 1960 ጸደቀ።

የኮቦል ፕሮግራም አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን ስምና ማንነት ይይዛል። ሁለተኛው ስለ ማሽኑና ከማሽኑ ጋር ስለተያያዙት መሣሪያዎች ይገልጻል። ሦስተኛው የመረጃውን አቀማመጥ፣ አራተኛው የሚሠራውን ሥራ ይዘረዝራል። እዚህ ላይ ትልቁ ጥበብ ከማሽን ማሽን የሚለያየው ነገር በተቻለ መጠን በሁለተኛው ክፍል እንዲሰበሰብ መደረጉ ነው። ማሽን የሚቀይር ሰው በዋናነት ያንን ክፍል አስተካክሎ ፕሮግራሙን በአዲሱ ማሽን ኮምፓይለር ማስተርጎም ይችላል ማለት ነው።

ሐሳቡ በተግባር የተፈተነው በዲሴምበር 6 እና 7 ቀን 1960 ነው። አንድ የኮቦል ፕሮግራም በአርሲኤ 501 እና በሬሚንግተን ራንድ ዩኒቫክ 2 ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ሁለቱ ማሽኖች በተለያዩ ተፎካካሪ ኩባንያዎች የተሠሩና የትዕዛዝ ስብስባቸው የማይመሳሰል ነበር። ፕሮግራሙ በሁለቱም ላይ ሠራ። ተፎካካሪዎች የሠሯቸው ማሽኖች አንድን ፕሮግራም ሊጋሩ እንደሚችሉ በይፋ ታየ። ከዚያም መከላከያ ሚኒስቴሩ ለሚገዛቸው ኮምፒዩተሮች ኮቦልን መጠየቅ በመጀመሩ አምራቾቹ ኮምፓይለር ለማዘጋጀት ተገደዱ።

የኮቦል ዘዬዎችና የባሕር ኃይሉ ፈተና

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ከባሕር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር በኮማንደርነት ማዕረግ በጡረታ ተሰናበተች። በኦገስት 1967 ግን ለስድስት ወር ተብላ ተጠራች፤ ጊዜው ሲያልቅም ላልተወሰነ ጊዜ እንድትቆይ ተደረገ። የተጠራችበት ምክንያት የኮቦል አጠቃቀም መልክ እንዲይዝ ለማድረግ ነበር።

ችግሩ እያንዳንዱ አምራች ለቋንቋው የራሱን ጭማሪ ማድረጉ ነበር። አንዱ አንድ ትዕዛዝ ይጨምራል፤ ሌላው ያለውን ትዕዛዝ በተለየ መንገድ ይተረጉማል። በስም አንድ የሆነው ቋንቋ እንደ ሰው ቋንቋ ዘዬ አወጣ። ባሕር ኃይሉ ማሽን ሲቀይር በኮቦል የተጻፉ ፕሮግራሞቹ እንኳ ያለ ማሻሻያ አልሠራ ይሉ ጀመር።

በ1968 ለኮቦል ብሔራዊ ደረጃ ወጣ። ደረጃ ማውጣት ብቻውን ግን በቂ አልነበረም፤ ኮምፓይለሩ ደረጃውን ማክበሩን የሚያረጋግጥ ነገር ያስፈልግ ነበር። የሆፐር ቡድን ለዚህ የሚሆኑ የመፈተኛ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። እነዚህ ፕሮግራሞች የቋንቋውን እያንዳንዱን ባሕርይ ያሠሩና የተገኘውን ውጤት ደረጃው ከሚጠይቀው ጋር ያስተያያሉ፤ በመጨረሻም ያለፈውንና የወደቀውን ይዘረዝራሉ። ከዚያ ወዲያ ኮምፓይለራችን ትክክለኛ ኮቦል ነው የሚል አምራች ቃሉን በፈተና ማስመስከር ነበረበት። ይህ አሠራር ወደ ሌሎች የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም ተስፋፋ። ከኤ-0 ያነሰ ዝና ያለው ሥራ ቢሆንም፣ ፕሮግራም ከማሽን ወደ ማሽን በእውነት እንዲሻገር በማድረግ ረገድ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ሌሎች መንገዶች

ተመሳሳዩን ችግር ሌሎች ሰዎች ከሃርድዌሩ በኩል ቀረቡት። አይቢኤም በኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ ይፋ አደረገ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ትንሹም ትልቁም ማሽን አንድ የትዕዛዝ ስብስብ ስለነበራቸው፣ ደንበኛው ወደ ፈጣኑ ሲሸጋገር ፕሮግራሙን መለወጥ አያስፈልገውም ነበር። የቀድሞውን የአይቢኤም 1401 ፕሮግራም ላለመጣል ለሚሹ ደግሞ የአሮጌውን ማሽን ትዕዛዝ እያስመሰለ የሚሠራ ኢሙሌተር ቀረበላቸው።

የሆፐር መንገድ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ምንጭ ኮድ ካለ ለማንኛውም ማሽን እንደገና ማስተርጎም ነው። የቤተሰቡ መንገድ የትዕዛዝ ስብስቡን አለመለወጥ ነው። ሦስተኛው መንገድ ምንጭ ኮዱ ባይኖርም የማሽኑን ትዕዛዝ ማስመሰል ወይም ወደ ሌላ ማሽን ትዕዛዝ መተርጎም ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ፕሮሰሰር ሲቀየር የሚሠራባቸው ዋና ዋና መንገዶች እነዚህ ናቸው።

የመንገዱ ገደብ

ማስተርጎም ሁሉን ችግር አይፈታም። በመጀመሪያ ምንጭ ኮዱ መኖር አለበት፤ ከጠፋ ኮምፓይለር የሚተረጉመው ነገር አያገኝም። በሁለተኛ ደረጃ ማሽኖች ከትዕዛዝ ሌላ በመረጃ አያያዝም ይለያያሉ። ለምሳሌ አይቢኤም በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ በሚጠቀምበት የፊደል ኮድ የላቲን ፊደላት ከአኃዞች ይቀድማሉ፤ አስኪ በተባለው ኮድ ግን አኃዞች ይቀድማሉ። ስለዚህ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለባቸውን የዕቃ መለያዎች በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ አንድ የኮቦል ፕሮግራም ሳይነካ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ቢዛወር፣ ያለ ምንም የስህተት መልእክት የተለየ ሰልፍ ሊያወጣ ይችላል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከማሽኑ የሚተርፍ ፕሮግራም ስህተቱንም ይዞ ይተርፋል። ማከማቻ ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ ፕሮግራሞች ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ ይይዙ ነበር። ጸሐፊዎቹ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር ያልፋል ብለው ያሰቡ ይመስላል። ፕሮግራሞቹ ግን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተሻገሩ እስከ 2000 ዓ.ም. ዋዜማ ደረሱ፤ እነሱን ማረም በዓለም ዙሪያ ብዙ ገንዘብና ድካም ጠየቀ።

የመጨረሻ ዓመታት

ሆፐር በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር፣ በ1985 ደግሞ ሪር አድሚራል ሆነች። በየዩኒቨርሲቲውና በየጉባኤው እየዞረች ታስተምር ነበር። ኤሌክትሪክ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚሄደውን ርቀት ለማሳየት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ የሽቦ ቁርጥራጮችን ለአድማጮቿ ታድል ነበር። በቢሮዋ የነበረው የግድግዳ ሰዓት ወደ ኋላ የሚዞር ነበር። እስካሁን የተሠራበት መንገድ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ለጎብኚዎቿ የምታስረዳው በእሱ ነው።

በኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመቷ በቦስተን ወደብ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ታሪካዊ መርከብ ላይ በክብር ተሰናበተች። ከዚያም እስክትሞት ድረስ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን አማካሪ ሆና ሠራች። በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተቀበለች። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመቷ በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ አረፈች፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ የመቃብር ሥፍራም ተቀበረች።

በተከታዩ ወር፣ በፌብሩዋሪ 1992፣ ስታማክረው የነበረው ኩባንያ አልፋ የተባለ አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ይፋ አደረገ። ቫክስ ለተባሉት የቀድሞ ማሽኖቹ የተጻፉት ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ እንዲሠሩ ኩባንያው አዳዲስ ኮምፓይለሮችን አዘጋጀ፤ ምንጭ ኮዳቸው ለማይገኝ ፕሮግራሞች ደግሞ የማሽን ትዕዛዝን የሚተረጉም ሶፍትዌር አቀረበ።

መታሰቢያ

በ1996 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሆፐር የተባለች የጦር መርከብ ወደ ባሕር አወረደ። በ2016 ከሞት በኋላ የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳልያ ተሰጣት። በ2017 ዬል ዩኒቨርሲቲ ከኮሌጆቹ አንዱን በስሟ ሰየመ።

ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያም በ2021 ይፋ ያደረገውን ፕሮሰሰር ግሬስ፣ በ2022 ያወጣውን የግራፊክስ ፕሮሰሰር ደግሞ ሆፐር አለው። ግሬስ የሚሠራው አርም በተባለው የትዕዛዝ ስብስብ ነው። ለረጅም ዘመን በአብዛኞቹ የግልና የአገልጋይ ኮምፒዩተሮች ለተለመደው ኤክስ86 የተዘጋጀ የማሽን ኮድ በእሱ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ምንጭ ኮዱ ያለው ሰው ግን ፕሮግራሙን በአርም ኮምፓይለር እንደገና አስተርጉሞ ሊጠቀምበት ይችላል።